ለእንጦጦው ቤት የገዛሁት ላፕቶፕ

የቤት ፕላን የምሠራበት አሮጌ ላፕቶፕ ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው ይጠፋ ነበር። እኛ ሰፈር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ደግሞ መብራት ከሄደ ቶሎ አይመለስም። ተቀጥሬ ከምሠራበት ቢሮ ወጥቼ ለብቻዬ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ የማገኘው ሥራ አጥርና ሰርቪስ ቤት ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን የአባቴ የመስጊድ ወዳጅ የሆኑ አዛውንት ነጋዴ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ለሚሠሩት ቤት ፕላን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ሌላ ባለሙያም እንዳነጋገሩ አልደበቁኝም።

"ቦታው ላይ መጥተሽ አሳዪኝ። ወረቀት ላይ ያለ መስመር አይገባኝም" አሉ።

በማግስቱ ከወንድሜ ጋር ላፕቶፕ ልንገዛ መገናኛ ወረድን። እሱ ጌም ለሚጫወቱ ሰዎች የተሠራውን ትልቁን አነሳ። "አንቺ የሚያስፈልግሽ ጉልበት ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው" አለኝ። ሻጩ በበኩሉ በጣት የሚነካ፣ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ቀጭን ላፕቶፕ አቀረበልኝ። ባትሪው ቀኑን ሙሉ እንደሚቆይም ማለልኝ።

እኔ ግን ቢሮ ሳለሁ የሠራሁትን፣ ስክሪን ላይ እየዞረ የሚታይ የአንድ ቤት ንድፍ በፍላሽ ይዤ ነበር። "ቻርጀሩን ንቀልና ይሄን ክፈትልኝ" አልኩት። ትልቁ ላይ ቤቱ እንደ ልብ ዞረ፤ ግን ማራገቢያው ያጓራል፣ ቻርጁም ዓይናችን እያየ ይወርዳል። ቀጭኑ ገና ጣሪያው ሳይወጣ ደርቆ ቀረ። መደርደሪያው ጥግ ላይ አንድ ወፍራም ግራጫ ላፕቶፕ ነበር። በጣት አይነካም፣ መልክም የለውም። ትንሽ እያሰበም ቢሆን ቤቱን አዞረልኝ፤ ቻርጁም እምብዛም አልወረደም። ይዤው ወደ ደጅ ወጣሁና ፀሐይ ላይ አየሁት፤ የመስኮቶቹ ፍሬም ሳይቀር ይታያል። ሻጩ፣ እንዲፈጥን ራም ይጨመርበታል ሲለኝ እዚያው አስጨመርኩ።

"በኋላ እንዳይቆጭሽ" አለኝ ወንድሜ።

"ቢቆጨኝም እኔን ነው" አልኩት።

በቀጠሮው ቀን አዛውንቱን ባዶ ቦታቸው ላይ፣ ባሕር ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። ላፕቶፑን ድንጋይ ላይ ከፍቼ እስከዚያ ቀን የነደፍኩላቸውን ቤት አዞርኩላቸው።

"ሳሎን ቁጭ ብዬ ከተማው ይታየኛል?"

በስክሪኑ ሳሎን ውስጥ አስገባኋቸው። እሳቸው ግን በጣታቸው ወደ ደረጃው ጠቆሙ።

"ባለቤቴን ጉልበቷን ያማታል። መኝታ ቤቱ ፎቅ ላይ መሆኑን አልወደድኩትም።"

"አሁኑኑ ላውርድልዎት" አልኳቸው።

አጠገቤ ቆመው እያዩ ግድግዳ አነሳሁ፣ መኝታ ቤቱን ታች አደረግኩ፣ ደረጃውን አዞርኩ፣ በረንዳውን አሰፋሁ። ጥላው ሸሽቶን ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ እቀይራለሁ። ወንድሜን ሰምቼ ትልቁን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ባትሪው አልቆ ገና ድሮ ጠፍቶብኝ ነበር።

"ያነጋገርኩት ያኛው ልጅ፣ ቢሮ ሄጄ አስተካክዬ እመጣለሁ ብሎኝ ሄደ" አሉ በመጨረሻ። "ሥራው ያንቺ ነው፣ ልጄ። ሲገነባም ቆመሽ የምታሠሪው አንቺ ነሽ።"

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ።

እሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ባለቤታቸው ጋ ደወሉ። "መሐንዲሷ እዚህ አለች፣ አነጋግሪያት" ብለው ሰጡኝ። እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሴትየዋ ስለ ኩሽናቸው መስኮት መናገር ሲጀምሩ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ በሁለት እጄ መስኮቱን ማስፋት ጀመርኩ።