ጠዋቱን የጠበቁልን ጎረቤቶች

ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን ጤና ጣቢያ አንዲት ወጣት ባለሙያ ስለ አእምሮ ጤና ልታስተምረን ሰብስባን ነበር። ጥሩ ልጅ ናት፤ ረጋ ብላ ትናገራለች። መሀል ላይ «ጭንቀት ሲበረታባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ ጠየቀችን። አንዱ «እጸልያለሁ» አለ፤ ሌላዋ «ሥራ እፈልጋለሁ» አለች። እኔ ተራዬ ሲደርስ የድሮው አጥራችን ነው ፊቴ ላይ የተደቀነው። ያን ደግሞ በአጭሩ መናገር ስለማይቻል ተራዬን ለሌላ አሳለፍሁ። እዚህ ልጻፈው።

ያኔ አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ የቀበሌ ቤት ከእናቴ ከወይዘሮ አንጓች ጋር እኖር ነበር። አባቴ በልጅነታችን ሞቶ፣ እናቴ ፋብሪካ እየሠራች ነው ያሳደገችን። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቶብን ነበር። ደሳለኝ ሲበዛ ቸር ነው። ከሐይቁ ዓሣ አጥምዶ ሲመለስ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ እያደለ፣ ለእኛ የምታንሰዋን ይዞ እየሳቀ ይገባል። እናቴ ትቆጣዋለች፤ ከዚያ ያችኑ ጠብሳ ታበላዋለች።

የመርዶን ነገር አገሬው ያውቀዋል። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ነው በር የሚያንኳኩት። ስለዚህ ልጁ የዘመተበት ቤት ሁሉ ጠዋትን ይፈራል። ቀን ቀን እናቴ ደኅና ናት፤ ትሠራለች፣ ትቀልዳለች። ሊነጋጋ ሲል ግን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ የእግር ኮቴ ታዳምጣለች።

አንድ የጥር ማለዳ ኮቴው መጣ። የብዙ ሰው ኮቴ ነበር። እናቴ በሩን ስትከፍት ጎረቤታችን መሪጌታ ላቀው ከሽማግሌዎች ጋር ጋቢ በጋቢ ሆነው ቆመዋል። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «ልጀን!» ብላ መሬት ላይ ተዘረረች። እኔም ጮኽሁ። ጩኸቱን የሰማ የሰፈር ሰው ነጠላውን እያዘቀዘቀ ደረሰ፤ አንዷ ጎረቤታችንማ የደሳለኝን ቁመትና ቸርነት እየጠራች ሙሾ ታወርድ ጀመር። በዚያ ሁሉ መሀል መሪጌታ እጃቸውን እያወናጨፉ «ኧረ ስሙኝ! ኧረ በእመብርሃን!» ይላሉ፤ ማን ይስማቸው። ለካ ሰውየው ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ኖሯል፣ እናቴ የሰርጉን ወጥ ቤት እንድትመራላቸው ሊለምኑ የመጡት! ሽማግሌ ያበዙት ለክብሯ ብለው፣ የማለዱትም ፋብሪካ ሳትሄድባቸው ለማግኘት ነበር።

ነገሩ ሲታወቅ ያለቀሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። «በቁሙ አስለቀስሁበት» እያለች ትብሰለሰል ጀመር። እህል አልወርድላት አለ፤ እንቅልፍ የሚባለውም ጨርሶ ራቃት። ፊቷ ከቀን ወደ ቀን ሲከሳ ሳይ እጅግ ፈራሁ። ጦር ሜዳ ያለው ወንድሜ ሆኖ ሳለ እሷ ቀድማ የምትሞትብኝ መሰለኝ።

ትንሽ ቆይቶ መሪጌታ እንደገና መጡ። ወደ በሩ አልተጠጉም። ከአጥሩ ማዶ ቆመው፣ በዚያ ማሕሌት በሚቆሙበት ድምፃቸው፣ «አንጓች! ለደግ ነው!» ብለው ተጣሩ። እናቴ ወጣች።

«ምነው የኔታ፣ ምን ሆኑ?»

«ለደግ ነው አልሁሽ እኮ። በይ ስሚኝ፤ ከእንግዲህ ወደዚህ በር የሚመጣ ሁሉ ከአጥሩ ሳያልፍ እንዲህ ብሎ ይጣራል። ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ። አንች ተኝ፤ ጠዋቱን እኛ እንጠብቅልሻለን።»

እናቴ ወደ አጥሩ ጠጋ አለችና «የማትጣሩ ቀንስ?» አለቻቸው።

«ያን ቀን አብረን ነን» አሉ መሪጌታ።

ሰፈሩም ነገሩን ያዘው። ጎረቤት «ለደግ ነው! ጨው ልዋስ ነው!» እያለች ትመጣለች። ከከተማው ዳር፣ ከሰባታሚት ገጠር ወተት የምታመጣልን ሴት «ለደግ ነው! ወተት ነው!» ትላለች። አንድ ጠዋት የቀበሌው ጥበቃ ሳይቀር፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ፣ ኮስተር ብሎ «ለደግ ነው! ስብሰባ አለ!» ብሎ ተጣራ። እናቴ ከውስጥ «ስብሰባም ደግ ሆነና!» አለችና ሳቋ አመለጣት። ሆዷን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የዚያን ቀን ራሷ ጠይቃ ምሳ በላች።

ከዚያ ወዲያ እየቀለላት ሄደ። የመሪጌታን ልጅ ሰርግ ወጥ ቤት መራች፤ ሴቶቹን ስታዝ ድምፅዋ ከከበሮው በላይ ይሰማ ነበር። እሑድ እሑድ ጣና ዳር እንወጣለን። ትኩስ የዓሣ ጥብስ በዳጣ እየበላን፣ ታንኳዎቹ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ ሲቀርቡ እናያለን። ፍርሃቱ ጨርሶ ለቀቃት አልልም። ፍርሃቷን ሰው ሁሉ ስላወቀላት ግን አታፍርበትም ነበር፤ ያም ራሱ ትልቅ ዕረፍት ነው። ጠዋት ጠዋት ስታንኮራፋ ስሰማት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ዓመታት አለፉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አደይ መፍካት በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ብዙ ኮቴ ሰማን። ማንም አልተጣራም።

እናቴ ተነሥታ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ታጠቀች። «ተነሽ ልጀ፣ ክፈችላቸው» አለችኝ። መሪጌታ ከፊት ቆመዋል። ያ ድምፃቸው የት እንደ ገባ እንጃ። እናቴ እጃቸውን ያዘችና «ይግቡ የኔታ። ይሄን ሁሉ ዘመን አስተኝተውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው። እሳቸውም አብረዋት መሬት ተቀምጠው አለቀሱ፤ አርባው እስኪወጣ ድረስም ከቤታችን አልተለዩም።

እናቴ ከደሳለኝ በኋላ ብዙ ኖረች። እኔን ዳረች፣ የልጅ ልጅ አቀፈች፣ ከመሪጌታ ጋርም እስከ እርጅናቸው እየተከራከሩ ኖሩ። ዛሬ ሁለቱም የሉም። ወንድሜን ባስታወስሁ ቁጥር ሐዘኑ እንደ አዲስ ይሰማኛል፤ እንዲህም ሆኖ ስለዚያ ዘመን ሳስብ ከሐዘኔ ምስጋናዬ ይበልጣል። ጦርነቱ ወንድሜን ወሰደብኝ፤ እናቴን ግን ጎረቤት አተረፈልኝ።