ያልተነሣ እሳት ጠባቂ

ዓብዱልባሲጥን ባሰብኩ ቁጥር፣ ዛሬም በሰባ ስድስት ዓመቴ፣ ወደ አንድ ጥያቄ ተመልሼ እገባለሁ፦ ሳይደርስ የቀረን ጥፋት ማን ያየዋል? ስለ ደን ተምሬያለሁ፤ ፍልስፍናም እንደ ነገሩ አንብቤያለሁ። መልሱን ግን አላገኘሁትም።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ታፔላ ቀለሙ አልደረቀም፤ ወንበር የሚበቃን ግማሾቻችን መስክ ስንወጣ ብቻ ነበር። ከወንበራ ወረዳ ተዛውሬ አሶሳ እንደ ገባሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ለሰደድ እሳት መከላከያ በጀት መጠየቅ ሆነ። በተፈቀደው ጥቂት ገንዘብ አንድ ጥበቃ ቀጠርን፤ ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ያለውን የሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ፣ ደን የሚጠብቅ። ይህ ሰው ዓብዱልባሲጥ ነው። ሃምሳን ያለፈ፣ ረጋ ያለ የበርታ ገበሬ፤ ቤቱም ከደኑ ግርጌ። ካኪ ካፖርት ሰጠነው። ባለቤቱ ኢቲዳል፣ መንግሥት አገባሁ እያለች ጎረቤቱን ታስቅበት እንደ ነበር የነገረኝ ራሱ ነው።

መመሪያውን አነበብኩለት፦ ማንኛውንም እሳት መለኰስ ክልክል ነው። ግራ ገባው። እሱም አባቱም በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ ሣሩ ገሚሱ እርጥብ ሳለ፣ በደኑ ዙሪያ ቀጭን መስመር እያቃጠሉ ነው የኖሩት። እርጥብ ሣር ላይ እሳት ይንፏቀቃል እንጂ አይሮጥም። ጥር ላይ ከቆላው የሚመጣው ትልቁ እሳት ያ ባዶ መስመር ላይ ሲደርስ የሚይዘው ያጣል።

"ኡስታዝ" አለኝ፤ የተማረ ሁሉ ለእሱ ኡስታዝ ነው። "ይቺ ሣር ኅዳር እኔ ካላቃጠልኩ፣ ጥር ማን ያቃጥላል? እሳት ራሱ ይመጣል፤ እኔን አይጠይቅም።"

መመሪያ መመሪያ ነው አልኩት። በዚያ ዓመት ተደብቆ አቃጠለ። ደኑም አልተነካ።

ሰኔ ላይ በጀት ሲዘጋ የዕቅድ ክፍል ኃላፊው አቶ ደስታው ቅጾቹን አገላበጠ። "የተነሣ እሳት" በሚለው ሰንጠረዥ የዓብዱልባሲጥ ደን ባዶ ነበር። እሳት በሌለበት ጥበቃ ምን ይሠራል አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ገንዘቡ ትንሽ፣ የሚቃጠለው አገር ሰፊ ሆኖበት ነው። አንድ ዓመት እንዲታገሠኝ ለመንኩት።

እስካሁን የማይገባኝ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። ለዓብዱልባሲጥ ሁለቱንም ነገርኩት፦ ማቃጠል እንደሚያስከስሰው፣ እሳት ካልተነሣ ደግሞ የሥራ መደቡ እንደሚታጠፍ።

"እንግዲህ መንግሥት እሳት ይፈልጋል?" አለኝ።

ሳቅሁ። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም።

በዚያ ኅዳር አላቃጠለም። ጥር ላይ እሳቱ ከቆላው ወጣ። ሽመል ሲነድ አንጓው እንደ ጥይት ይፈነዳል፤ ድምፁን አሶሳ ሆኜ የሰማሁት የሚመስለኝ ከጸጸት ይሆናል። መንደርተኛው ሁለት ቀን ሙሉ በቅጠል ሲደበድበው ቆየ። ሰው አልሞተም። የዓብዱልባሲጥ የማሽላ ጎተራ ግን ነደደ።

በጀቱ የመጣው ይኼኔ ነው። መኪና፣ አካፋ፣ የቀን ሠራተኛ። ከተራቆተው ዳገት በታች የመንደሩ ምንጭ ስላለ፣ ክረምቱ አመድና ድንጋይ ይዞ እንዳይወርድበት እርከን አሠራን፤ ተቃጥለው የቆሙትን ዛፎች መንገደኛ ላይ ሳይወድቁ አስቆረጥን። ዓብዱልባሲጥ የቀን ሠራተኞቹ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ መደቡም ጸና። ኢቲዳል ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችና ማሽላው በየትኛው በኩል እንደ ተጻፈ ጠየቀችኝ።

በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ሲገባ ዓብዱልባሲጥ ቢሮዬ መጣ። ካፖርቱን አጥፎ በክንዱ ይዟል። ሽመሉ ከሥሩ ማቆጥቆጥ ጀምሯል፤ የት እንደ ደረሰ ጉልበቱን በእጁ ነክቶ አሳየኝ።

"ኡስታዝ፣ አንድ ብቻ ንገረኝ። እኔ ደን ነው የምጠብቅ፣ ካፖርት ነው የምጠብቅ?"

መመሪያው እንዲሻሻል ጽፌያለሁ፣ መልስ እየጠበቅን ነው አልኩት። እውነቴን ነበር።

"ሣር መልስ አይጠብቅም" አለ። ካፖርቱን ወንበር ላይ አኑሮ፣ እጄን ጨብጦኝ ወጣ።

በሳምንቱ ስሄድ ደኑ ዙሪያውን በቀጭን ጥቁር መቀነት ታስሯል። አመዱን ረገጥኩት፤ ቀዝቅዟል። ጥር መጣ፤ ሄደ። ሰኔ ላይ ቅጹን ስሞላ "የተነሣ እሳት" የሚለውን፣ የኅዳሩን እሳት ሳልቆጥር፣ ባዶ ተውኩት። ዋሽቼ ይሁን እውነት ጽፌ፣ አላውቅም። መደቡ ታጠፈ።

ካፖርቱ እኔ እስክዛወር ድረስ ከቢሮው አልወጣም። መቀመጫ ያጣ ሁሉ ያነሣውና ይቀመጣል፤ ሲሄድ መልሶ ያኖረዋል። የማን ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።