ኬፕታውን ላይ የለቀቅኩት እጅ

ክፍሌ ግድግዳ ሳይነቅፍ ቡና ቤት እንኳ መቀመጥ አይሆንለትም ነበር። ሻይ አዝዞ ገና ሳይመጣለት ጥጉን በዓይኑ ይለካና "ይሄ ሆዱ ወጥቷል፤ የሠራው ሰው ቱንቢ የሚባል ነገር አልሰማም" ይላል። ባለቤቱ ቢቀየም ግድ የለውም። የወልዲያ ልጅ ነው፤ ሙያው ግንበኝነት፣ ከግንብም ልስን። ሶማሌላንድ፣ ሀርጌሳ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ከተማዋ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና ቀና እያለች ነበር። የመጀመሪያ ሥራው በአሕመድ ዳጋህ ሰፈር የጥይት ቀዳዳ መድፈን ሆነ። "ሌላው ቤት ይሠራል፣ እኔ ቀዳዳ እደፍናለሁ" እያለ ይነጫነጫል እንጂ እሱ የደፈነውን ቀዳዳ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው አልነበረም።

እኔ ኢርፋን እባላለሁ፤ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤቶችን መልሶ በሚያስገነባ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። ክፍሌ እዚያው ተቀጠረ። ስምንት ዓመት ሀርጌሳ ኖሮ ሶማሊኛው "ሲሚንቶ አምጣ፣ ውሃ ጨምር" ላይ ቆሞ ቀረ፤ እንግሊዝኛውማ ከነጭራሹ የለም። ከአለቃም፣ ከአከራይም፣ ከሐኪምም የሚነጋገረው በእኔ አፍ ነበር።

ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ ኡባህ የምትባል ባልቴት ግቢ ሁለት ክፍል ጎን ለጎን ተከራይተን ኖርን። እንዋደድ ነበር። ወንድም ወንድሙን እንደሚወደው ማለቴ አይደለም። ይህን ጽፌው አላውቅም፤ አሁን ስጽፈው አንድ መስመር እንኳ አለመሙላቱ ያናድደኛል።

ሀርጌሳ ላይ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌዎች ተያይዘው ከመስጊድ ይወጣሉ፤ ፖሊሶች ተያይዘው ገበያ ይዞራሉ። እኛም ከሥራ ስንመለስ ክፍሌ ሲሚንቶ በበላው ትንሽ ጣቱ ትንሿን ጣቴን ቆልፎ ይሄዳል። ዞር ብሎ የሚያየን አልነበረም። ኡባህም "ወንድማማቾቹ" ነበር የምትለን። ነገሩ ቢታወቅ ግን ከተማው ቀርቶ አገሩም አይበቃንም ነበር፤ እንኳን ሊወራ፣ እኔና እሱም በሩን ዘግተን በሹክሹክታ ነበር የምናወራው።

በ1999 ዓ.ም. ሳማታር የሚባለው የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጠራን። ከአፈርና ከትንሽ ሲሚንቶ ብሎኬት የሚጨምቅ ማሽን አለ፤ አሠራሩን የሚማር አንድ ግንበኛና አንድ አስተርጓሚ ለአሥር ቀን ኬፕታውን ይሂዱ ተባለ። ክፍሌ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ እንኳ የግድግዳውን ብሎን እየነካ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሥልጠና አልነበረም። ከማደሪያችን ወጥተን ዳገቱን ስንወጣ ባለብዙ ቀለም ባንዲራ የተሰቀለበት መንገድ ገባን። በዚያው ዓመት ወንድና ወንድ በሕግ መጋባት ተፈቅዶላቸው እንደነበር የማደሪያው ልጅ ነግሮኛል፤ ለክፍሌ ግን አልተረጎምኩለትም ነበር። መተርጎም አላስፈለገም። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሁለት ጎልማሶች ተሳስመው ተሰነባበቱ፤ ሾፌሩም እስኪጨርሱ ጠበቀ።

"ኢርፋን፣ አየህ?"

"አታፍጥ" አልኩት።

"ሾፌሩ እኮ ጠበቃቸው!" አለና ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ጣቴን እንደወትሮው ቆለፈ፤ እኔም እንደወትሮው ሰጠሁት።

አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ባለቤቱ ፀጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የተቆላለፈውን ጣታችንን አይተው ፈገግ አሉና አብራችሁ ስንት ዓመታችሁ ነው ብለው ጠየቁኝ። ወዲያው የጣታቸውን ቀለበት አሳይተው ባንኮኒው ጋ ወደቆመው ሰውዬ ጠቆሙ፤ እነሱ አብረው ከሆኑ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው።

ክፍሌ ቃሉ ባይገባውም ቀለበቱ ገብቶታል። "ስንት ዓመት ነው የሚለው አይደል?" አለኝ። "ስምንት በለው። አንዴ እንኳ ለሰው ይነገር፣ ስምንት በለው።"

ጠዋት ወደ ሥልጠናው ስንሄድ ገበያ ውስጥ ሶማሊኛ ሲወራ ሰምቻለሁ። ከነሱ አንዱ የሀርጌሳ ሰው ቢሆንስ? ወሬ ከአውሮፕላን ቀድሞ ይገባል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ከእኛ በቀር አንዲት ጋዜጣ የምታነብ ሴት ብቻ ነበረች፤ እኔ ግን እጄን ቀማሁት። ለሰውየውም በእንግሊዝኛ "አይ፣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እኛ አገር ወንዶች ሁሉ እንዲህ ነው የሚሄዱት" አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያልኩት ደግሞ እውነት መሆኑ ነው የሚያበሽቀኝ።

ሰውየው ደንግጠው "ሶሪ፣ ሶሪ" እያሉ ሄዱ።

"ስምንት አልከው?" አለኝ ክፍሌ።

"አዎ።"

"ታዲያ ለምንድን ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?"

ሻዩን ሳይነካው ተነሳ። የቀሩትን ስድስት ቀናት ስለ ማሽኑ ካልሆነ በቀር አንድ ነገር ተርጉምልኝ አላለኝም።

ሀርጌሳ ከተመለስን በኋላ ክፍሌ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መሄድ ጀመረ። ኬፕታውን ላይ እጅ መያያዛችን ነበር የሚታየው፤ እዚህ ግን አለመያያዛችን ታየ። ባለ ሱቁ "ተጣላችሁ እንዴ?" አለኝ። ኡባህ ሳምንት ታግሳ "ወንድማማች ተኳርፎ በእኔ ግቢ አያድርም" ብላ ጋሽ ፈጠነን ጠራች። ጋሽ ፈጠነ አናጢ ናቸው፤ የሰፈሩን ኢትዮጵያውያን ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው።

አርብ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ተቀመጥን። ጋሽ ፈጠነ እንደ ሽምግልናው ወግ ጠየቁ። "በዳይ ሳይታወቅ እርቅ የለም። በዳዩ ማን ነው?"

ክፍሌ ያወራው ይሆን ብዬ ነበር የፈራሁት። ስለ እሱ አላሰብኩም፤ ያኔም ስለ ራሴ ብቻ ነበር የማስበው።

ክፍሌ ተነሳ። "ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ። ሰው አገር ሄደን ክፉ ቃል ተናገርኩት።"

"ምን ዓይነት ቃል?"

"ለሽማግሌ የሚነገር አይደለም።"

"እንግዲያው ዝቅ በልና ይቅርታ ጠይቀው።"

ጎንበስ ብሎ ወደ ጉልበቴ መጣ። ቀድሜው መውደቅ እችል ነበር። "ኧረ እኔ ነኝ ጋሼ" ማለት ብቻ ነበር፤ ምን እንዳደረግኩ ባልዘረዝርም ይበቃው ነበር። ወላሂ ይበቃው ነበር። እኔ ግን ሁሉም እያዩኝ ትከሻውን ይዤ አነሳሁትና "ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት።

ኡባህ እልል አለች። ጋሽ ፈጠነ መረቁን። ክፍሌ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ስሞኝ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ፊቱ ላይ ቂም አልነበረም፤ ቂም ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በርበራ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። በኋላ ከዚያም ሄዷል ሲሉ ሰማሁ። ኡባህ አርጅታለች፤ ስታገኘኝ ሁልጊዜ "ያ ይቅር ያልከው ልጅ ደህና ነው?" ትለኛለች። የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ደህና ነው እላታለሁ።