ሐጃ በቱል ያጠቡት ሎህ

ሐጃ በቱል የድስት ቂጥ እየፋቁ ነው። ድስቱን ጉልበታቸው ላይ ደፍተው፣ በገል ስባሪ ጥላሸቱን ወደ ሳህን ያራግፋሉ። ከዚያ የተወቀጠ የግራር ሙጫ ይነሰንሱበትና ውሃ ጠብ እያደረጉ ቀለም እስኪሆን በጣታቸው ያሹታል። ሙጫው ካነሰ ጽሑፉ ይረግፋል፤ ከበዛ ብዕሩን ይይዛል። ልኩን የሚያውቀው ጣታቸው ነው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ በዚሁ በኦምዱርማን ግቢያቸው ልጆችን ቁርኣን እያስቀሩ ያስተምሩ ነበር። አሁን የሚያስተምሩት የባላቸው ደረሳ፣ ተማሪያቸው፣ የነበሩ ሸኽ ናቸው። ቀለሙ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከሐጃ በቱል እጅ አልወጣም።

ሎሆቹን የሚያጥቡትም እሳቸው ናቸው። ልጁ ሎህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ትምህርቱን ይጽፋል፤ በቃሉ ሲይዘው ይታጠባል፤ በማግስቱ ሌላ ይጻፍበታል። የተጻፈ ሎህ ሳይታጠብ ሲያድር የልጁን ስንፍና ያሳብቃል። እጣቢውም አይደፋም፤ በንጹሕ ጎድጓዳ ሳህን ተጠራቅሞ የታመመ ሰው ይጠጣዋል።

ያን ረቡዕ ጠዋት ቀለሙን አሽተው ሲነሡ፣ ግድግዳው ሥር ከሌሎቹ ራቅ ብለው የተደገፉ ሦስት ሎሆች አዩ። ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡት። ፊደሉ ነጥብ የለውም። አንዱ አንገቱን እንደ ሚዳቋ አስረዝሟል፣ አንዱ እንደ ጨረቃ ጎብጧል፣ ሌላው ክንፍ አውጥቷል። ከዳር እስከ ዳር አንድ የሚነበብ ቃል አጡ።

«የማን ምስኪን ልጅ ነው ይሄ?» አሉ ለራሳቸው። «ሸኹ ቢያዩት ዛሬ ጀርባው አይተርፍም።»

አዘኑለትና ሦስቱንም ቀስ አድርገው አጠቡ። ጎረቤታቸው ሲተና በዚያው ሰዓት እያነከሰች ገባች።

«ሐጃ፣ ይሄ ጉልበቴ ዛሬ ጠላት ሆኖብኛል። ከዚያ ውሃ ካለሽ ወዲህ በይ።»

አንድ ጣሳ ሙሉ ሰጧት። ሲተና ቢስሚላህ ብላ ጨለጠችው።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል የወንድማቸው የሙደሲር ልጅ ኢጅላል ብርድ ልብስ በክንዷ ይዛ እየሮጠች መጣች። ዕድሜዋ ሃያ ነው፤ ካርቱም በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ዓመቷ ነው።

«አክስቴ፣ ሎሆቼስ?»

«የትኞቹ?»

«ትናንት ለቅሶ ሄደሽ ሳለ እዚህ ያስደገፍኳቸው! ባለፈው ወር የሰጠሽኝ አሮጌዎቹ! ቤት ወንድሞቼ ይነኩብኛል ብዬ እኮ ነው እዚህ እንዲደርቁ ያመጣኋቸው።»

ሐጃ በቱል እጃቸውን አዩ። እስከ አንጓው ጠቁሯል።

«አጠብኳቸው» አሉ።

ኢጅላል ሎሆቹን ልትጠቀልልበት ያመጣችውን ብርድ ልብስ ጣለችና መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ልጆቹ ለዓመታት የሚስሉት ከአውሮፓ የመጣ፣ ከጂፕሰም የተሠራ የሰው ጭንቅላት ነበር፤ ጸጉሩ የተጠቀለለ፣ ዓይኑ ባዶ። አስተማሪያቸው ኡስታዝ ሸውቂ ለንደን ተምሮ ሲመለስ የራሱን ስዕሎች አሳየ። የሀገሩ ሰው አንድ ጊዜ አየት አድርጎ አለፈው። ያ አላስተኛውም። በየመንደሩ ዞረ፤ የቤት በር ላይ ያለውን ጌጥ፣ የቅሉን ቅርጻ ቅርጽ፣ የሎሁን ጽሑፍ አየ። ተመልሶም ለተማሪዎቹ «ጭንቅላቱን ተዉት። እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ የምታውቁትን ይዛችሁ ኑ» አላቸው። እሱና ጓደኞቹ አዲስ መንገድ ጀምረዋል እየተባለ በጋዜጣ ይወራ ነበር። ኢጅላል ያመጣችው ሐሳብ ሎህ ነው። አባቷ ሙደሲር ግን ሳቀባት።

«ሦስት ዓመት የተማርሽው ሎህ ለመጻፍ ነው? ይህንንማ እኔም በሰባት ዓመቴ ጽፌዋለሁ!» አለና ቁርጡን ነገራት፤ ሐሙስ በሚከፈተው ዐውደ ርእይ ላይ ሥራዋ ካልተሰቀለ ስዕሉ ይቀርና የጽሕፈት መኪና ትማራለች። ሥራ የሚረከቡት ደግሞ ዛሬ ረቡዕ፣ እስከ ዐስር ሰዓት ብቻ ነው።

«አለቀልኝ» አለች ኢጅላል።

«ተነሺ» አሉ ሐጃ በቱል። «ማልቀሱን ማታ ታለቅሺዋለሽ። ቀለም አለ።»

ሎሆቹን ፀሐይ ላይ አሰጡ፤ ወደ ፀሐይዋ እያዞሩ በነጠላቸው ጫፍ አደረቋቸው። ኢጅላል ቀለሙን ወደ ራሷ ስባ ጀመረች። መጀመሪያ የትናንቱን ልትደግም ሞከረች፤ አልሆነላትም። ኋላ ግን ሐጃ በቱል ብዕሩን ሲቀርጹላት ትንፋሿ ረጋ አለና ፊደሎቹ እንደ ልባቸው መሄድ ጀመሩ።

ሲተና በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች። አሁን አታነክስም።

«ምን ሆናችሁ ነው? ለቅሶ ነው ሠርግ?»

«ጠዋት የጠጣሽው እኮ የኔ ስዕል ነው!» አለች ኢጅላል።

«የምን ስዕል?»

«የሚዳቋ።»

ሲተና አፏን ያዘች። «ሚዳቋ ነው የጠጣሁት? ለካ ለዚህ ነው የገበያውን ደረጃ ዘልዬ የወጣሁት!»

ኢጅላል እያለቀሰች ሳቀች።

ሁለቱ ሎሆች ተጽፈው እንዳበቁ ቀለሙ አለቀ። ጥላሸት ቢፋቅ፣ ቢታሽ፣ እስኪደርቅ ቢጠበቅ ሰዓቱ አይበቃም። ሦስተኛው ሎህ ከነእጥበቱ ቀረ። ሥራዋ አንድ ላይ የተመዘገበ ሦስት ሎህ ነው፤ አንዱ ከጎደለ አይቀበሉም።

ሐጃ በቱል ዐይነ አፋር ናቸው። ወንዶች ባሉበት ድምፃቸው አይሰማም፤ ድልድዩን ተሻግረው ካርቱም የሄዱት በዕድሜያቸው አራት ጊዜ ቢሆን ነው። ያን ዕለት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ሦስተኛውን ሎህ በብብታቸው ያዙና፣ ሁለቱን በብርድ ልብሱ ከጠቀለለችው ከኢጅላል ጋር አውቶቡስ ላይ ወጡ።

ኡስታዝ ሸውቂ በዐውደ ርእዩ አዳራሽ እጅጌውን ሰብስቦ ሚስማር ይመታል። ሐጃ በቱል በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «እሷ በደንብ ጽፋው ነበር። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን አትቅጣት።»

«ለምን አጠቡት፣ እናቴ?»

«እንዴት ለምን? ሎህ አይደለም እንዴ? ሲጻፍበት ይታጠባል።»

መዶሻውን አስቀምጦ ሎሁን ተቀበላቸው። ወደ መስኮቱ ወስዶ አጋደለው። እንጨቱ ጠጥቶ ያስቀረው ጥላ ታየ፤ ላይ ላዩን የኢጅላል ሚዳቋ አንገት፣ ከሥሩ የልጆች ጽሑፍ፣ ከዚያም ሥር ሌላ፣ እንደ ጭስ የቀጠነ። ፊቱን ኮስተር አድርጎ ደጋግሞ አገላበጠው። ሐጃ በቱል ተቆጣ መሰላቸው።

«ኢጅላል» አለ በመጨረሻ፣ «እንዲህ ሆኖ ይሰቀል ትያለሽ? ሥራው ያንቺ ነው፤ አንቺ ወስኚ።»

ኢጅላል አጠገቡ ሄዳ አየችው። ጣቷን ሳታስነካ በጥላው ላይ አስኬደች።

«መሐል ላይ ይሁን» አለች።

ሐሙስ ከዐስር ሰዓት በኋላ አዳራሹ በሰው ሞላ። ሙደሲር ከሥራው በቀጥታ መጥቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ስህተት እንደሚፈልግ መርማሪ ከስዕል ስዕል ይሄዳል። መሐለኛው ሎህ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። አጠገቡ ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ምን ይላሉ አባቴ?» አላቸው።

«ልጅ ሳለሁ የቀራሁትን» አሉ ሽማግሌው። «ከታጠበ ስድሳ ዓመቱ ነው። ማን ነው ይህን የሠራው?»

ሙደሲር ጉሮሮውን ጠረገ። ኢጅላል አዳራሹ ዳር ቆማ ታዳምጣለች።

«የኔ ልጅ ናት» አለ። ቀጥሎም ወደ እሷ ዞሮ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የጽሕፈት መኪናውን ለወንድምሽ ትቼለታለሁ፤ እሱ ይማር!» አላት።

ሐጃ በቱል ይህን ሁሉ ያዩት ከሎሁ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ለአፍታ ብለው የተቀመጡ ናቸው። ከቤት ሲወጡ የሙደሲር ሚስት ኒዕማት «ማታ እንግዳ አለብኝ፤ ስትመለሺ ገበያ ጎራ በይና የደረቀ ባሚያ አምጪልኝ፣ ወጡ ያላንቺ አይሆንም» ብላ ዘንቢል አስይዛቸው ነበር። ነገር ግን አንዱ መጥቶ ቀለሙ ከምን እንደሚሠራ ጠየቃቸው፤ መለሱ። ሌላዋ ሙጫው ስንት እጅ እንደሆነ ጠየቀች፤ ለእሷም በጣታቸው አሳዩ። ሦስት ተማሪዎች ደብተር ይዘው እግራቸው ሥር ተቀመጡ። ድምፃቸው መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ኋላ ኋላ እስከ በሩ ተሰማ። የባሚያ ሻጮቹ ጆንያቸውን አስረው ወደየቤታቸው ሲገቡ፣ ሐጃ በቱል ባዶውን ዘንቢል ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የትኛው ድስት የተሻለ ጥላሸት እንደሚይዝ እያስረዱ ነበር።