የወጨጫው ጎጆ በር

የልደታ ኮንዶሚኒየሙ አናጺ ጂራታ፣ አባል የሆነበት የተራራ ወጪዎች ክበብ ወጨጫ ተራራ ላይ ያሠራትን ጎጆ አሥራ አንድ ክረምት ጠግኗል። የክበቡ ደንብ አንድ ነው፤ ያነደደ ሰው እንጨቱን ሳይተካ አይወርድም።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ከአዲሷ አባል ከሃኒ ጋር በረዶ ሲወርድባቸው ጎጆዋ ደረሱ። የማገዶው ጥግ ባዶ ነው። በሩም የለም፤ ማጠፊያዎቹ ከምድጃው አመድ ውስጥ ተገኙ።

«ባለፈው እሑድ የወጣው ቡድን ‹ደማቅ ምሽት› ብሎ ፎቶ ልኮልን ነበር» አለች ሃኒ፣ እየተንቀጠቀጠች።

«በሩን አንድደው ነዋ የደመቁት!»

ጂራታ በገዛ እጁ የቀረጸውን የክበቡን አባላት የስም ሰሌዳ ከግድግዳው ነቅሎ በመጥረቢያ ፈለጠው።

«ኧረ ጋሼ፣ እሱን እንኳን ይተዉት!»

«ነይ፣ ሙቂ። እነዚያ አዲስ በር ተሸክመው ያምጡ፤ ስማቸውን ያኔ እጽፍላቸዋለሁ።»