ጫጩትን የምታናግረው ሴት

ቁመቷ የበሩን መቃን የሚነካ፣ ስትቀመጥ ወንበሩ የሚያቃስትባት ሴት ናት፤ ሰፈሩ ግን "ጫጩት" ይላታል። በቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም የምትታየው የነገረኛዋ አሻንጉሊት ጫጩት ድምፅ የእሷ ነዋ! ታሪኩንም የምትጽፈው ራሷ ናት። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ልጆች ቀሚሷን እየጎተቱ፣ "እትዬ፣ ጫጩትን አውጪልን!" ይሏታል።

"ተኝታለች፤ ብትቀሰቅሷት ትነቁራችኋለች" ትላቸዋለች፣ ያውም በጫጩቷ ድምፅ።

ሳትናገር አትጽፍም። ሽንኩርት እየከተፈች ብቻዋን ስትጨቃጨቅ የሰማ እንግዳ ይደነግጣል። ባሏ ግን ለምዶታል። "ተዋት፣ ሥራ ላይ ናት" ይላል። ጭቅጭቁ አፏ ላይ ሲጥማት ነው ወረቀት የምታነሣው። ጫጩት ደግሞ አንዴ ከጀመረች በአንድ ትንፋሽ ነው የምታወርደው፤ ልጆቹን የሚያስቃቸውም ይኸው ነው።

ዕድሜ ግን ጉሮሮንም አይምርም። ድምጿ ሻከረ፤ ቀጠን ስታደርገው ይሰነጠቅ ጀመር። የፕሮግራሙ አዘጋጅ አንገቱን ደፍቶ፣ "እትዬ፣ ጽሑፉ ያንቺው ነው። ድምፁን ግን ወጣት ብንሞክርስ?" አላት።

"ሞክሩ" አለች። ያለችው ግን ሳትወድ ነው።

ድምጿ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ቀጭን ልጅ ስቱዲዮ መጣች። ማንበብ ስትጀምር ግን መሐል ላይ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። ደገመች፣ ሠለሰች፣ አልሆነም። የቀረጻ ባለሙያው ከመስታወቱ ጀርባ፣ "ይቺ ጫጩት አስም አለባት እንዴ?" ሲል የልጅቱ ዓይን በእንባ ተሞላ።

"የፈራሁት ደረሰ" አለ አዘጋጁ። "በቃ እትዬ፣ እንደምንም አንቺው ቀጥዪ።"

ይህን ቃል ስትመኝ ነው የሰነበተችው። ዝም ብትል ጫጩት የእሷ ናት። ጥፋቱ የልጅቱ እንዳልሆነ ግን እሷ ታውቃለች፤ ያን ሁሉ ዓመት ንግግሩን የሰፋችው በራሷ ሰፊ ደረት ልክ ነው። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ማን ላይ ያምራል?

"ቆዩ" አለች። ልጅቱን አጠገቧ አስቀመጠቻት። "ነይ ልጄ፣ እስቲ አውሪኝ። መንገድ ላይ ምን ገጠመሽ?"

"አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰውዬ እግሬን ረግጦ እኔኑ ተቆጣኝ።"

"ምን አልሽው ታዲያ?"

"ይቅርታ፣ እግሬን የእርስዎ ጫማ ሥር ስላስቀመጥኩ።"

"እሰይ! ይቺማ ራሷ ጫጩት ናት!"

ልጅቱ ስታወራ የት የት ላይ እንደምትተነፍስ አዳመጠች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንሥታ ረጅሙን እያሳጠረች፣ የተጣበቀውን እያላቀቀች፣ ገጹን በልጅቱ ደረት ልክ አስተካከለችው። አዘጋጁ ጠጋ ብሎ፣ "ጫጩትን በገዛ እጅሽ ልታስረክቢያት ነው?" አላት።

"ድምፅ ብቻውን ምን ያወራል? ጸሐፊዋ አለሁ አይደል?"

ልጅቱ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ጫጩት ተሳደበች፣ ተለማመጠች፣ አኮረፈች፤ አንዴም አልተደናቀፈች። ሴትዮዋ ጫጩትን ቁጭ ብላ ስትሰማት የመጀመሪያዋ ነበር። እስከዛሬ ሌላው ሲስቅ እሷ ሳቋን ትውጥ ነበር፤ ማይክሮፎን ፊት አይሳቅማ። አሁን ግን ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

"እትዬ!" ብሎ ጮኸ የቀረጻ ባለሙያው፤ "ሳቅሽ ቀረጻው ውስጥ ገባ እኮ!"