ድምፄን የበላው በለስ

በለስ በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። መጀመሪያ የጣለኝ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ሁለተኛው አምና ነሐሴ ነው፤ ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ ከቁልቋሉ ጫፍ ላይ የቀላችውን አንዲት ፍሬ ላወርድ ካብ ላይ ስወጣ። ካቡ ተናደ፣ እኔም አብሬው ወረድኩ፣ ዳሌዬም ተሰበረ። ፍሬዋ ግን ንቅንቅ አላለችም አሉ። ለአምቡላንስ ተደውሎ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል ሲባል፣ የመንደሩ ጎረምሶች ከጣራ ሥር የተሰቀለውን አሮጌ ቃሬዛ አወረዱልኝ።

እናንተ እኩዮቼ ቃሬዛን ታውቁታላችሁ። ሁለት የወይራ ዘንግ፣ መሐሉ በጠፍር የተጠለፈ፣ ጫፍና ጫፉ በስንት ትከሻ ታሽቶ እንደ መስተዋት የሚያበራ። ጎረምሶቹ አንሥተው ሲያስተኙኝ ያ የጠፍር ሽታ፣ ላብና ቅቤ የጠጣ ቆዳ ሽታ፣ አፍንጫዬን መታው። ዳሌዬን ረሳሁት። ስድሳ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ አባቴን ከፊት ቆሞ አየሁት።

አባቴ የቃሬዛችን አለቃ ነበር። ያኔ ከኛ መንደር ሰቆጣ ሐኪም ቤት ለመድረስ አራት ወሰን ይታለፋል። እያንዳንዱ መንደር በሽተኛውን እስከ ወሰኑ ይሸከማል፣ ከዚያ የሚቀጥለው መንደር ይቀበላል። ስምንት ሰው ያወርዳል፣ ስምንት ሰው ያነሣል። ወጉ ይኸው ነበር። አባቴ ግን ቄስ ሳይሆን፣ ፊደልም በጎልማሳነቱ ቆጥሮ፣ አንድ እሑድ ስብከት ላይ የሰማው ነገር ልቡ ውስጥ ቀረ። አንድ ምዕራፍ አብረኸኝ ሂድ ላለህ ሰው ሁለተኛውን ጨምርለት የሚለውን። ሌላው ምእመን ሰምቶ፣ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። አባቴ ወስዶ ቃሬዛው ላይ አሰረው። ከዚያ ወዲህ ወሰን ሲደርስ ዘንጉን አያወርድም፤ ከተቀባዮቹ ጋር እስከሚቀጥለው ወሰን ይሄዳል። «አባ ሁለቴ» የሚል ስም ወጣለት።

እናቴ ትበግን ነበር። «ወንጌሉ ላንተ ብቻ ነው እንዴ የተጻፈው? ሰው አንድ ሲሄድ አንተ ሁለት፤ ማሳው በማን ይታረም?»

«ማሳው አይታመምም» ይላታል፣ ትከሻውን እያሸ።

እኔ ደግሞ ጠሪ ነበርኩ። ስለ ራሴ ብዙ የምመሰክረው በጎ ነገር የለኝም፤ ድምፅ ግን ነበረኝ። ቃሬዛው ከመንደር ሲነሣ ጠሪው ቀድሞ ይሮጣል። ገደሉ አፋፍ ላይ መጥሪያ የምንለው ትልቅ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ላይ ወጥቶ ለማዶው መንደር ይጣራል። የማዶ ሰዎች ሲሰሙ ወደ ሸለቆው ይወርዱና ወሰኑ ላይ፣ ወንዙ ዳር፣ ቆመው ይጠብቃሉ። የምንጣራው በኽምጣና፣ በአገራችን አገውኛ ነው። ሽማግሌዎቹ አማርኛ ገደል አይሻገርም፣ መሐል ላይ ይወድቃል ይሉ ነበር። እኔ ስጣራ ማዶ ያሉት ውሾች ሳይቀሩ ይነሣሉ። በዚህ የተነሣ አንገቴን አቅንቼ ነበር የምሄደው፤ የመንደሩ ትከሻ ባይሆን ጉሮሮው እኔ ነኝ ብዬ።

ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ። እኛ ልጆች እስከ ቅዳሴ መውጫ ጾመን እንቆርብ ነበር። መጾም ብቻ ግን ምን ያደርጋል? ሰው ካላየልን! ስለዚህ ምላሳችንን እያወጣን እንፈታተሻለን። ነጭ ምላስ የጾመኛ ነው፤ ቀለም ያለበት የተገኘ እስከ ዓመት ድረስ መሳቂያ ነው። በዚያ ጾም ከሁሉ የነጣው ምላስ የኔ ነበር። በየቀኑ አወጣዋለሁ፣ ያልጠየቀኝም ያያል።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ጎረቤታችን እታለም ዘውዴ ምጥ ጸናባት። ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። ባሏ ሁመራ ለሰሊጥ ወርዶ ወባ በልቶት ቀርቷል፤ ያላት እኛው ጎረቤቶቿ ነበርን። እኔን ትወደኝ ነበር። አባቴ ዘንጉን እያነሣ፣ «ሩጥ! ግራ ቀኝ አትበል!» አለኝ። ሮጥኩ።

ግራ አላልኩም። ቀኝ ግን አልኩ። በቀኝ በኩል፣ ከመጥሪያው ድንጋይ በታች፣ በለሱ ቀልቶ ነበር። ሆዴ ከትናንት ማታ ጀምሮ ባዶ ነው። ዙሪያውን አየሁ፤ ሰው የለም፤ ምላሴን የሚፈትሽም የለም። አንዷን ብቻ አልኩ። በለስ በወጉ ሲበላ በሣር ተጠርጎ፣ በቢላ ተልጦ ነው። እኔ ግን እየሰረቅኩ ነበርና ፈጠንኩ፤ በልብሴ ጫፍ ወልወል አድርጌ በጥርሴ ገመጥኳት። አንዷ ሦስት ሆነች። ያ ዐይን የማያየው ደቃቅ እሾህ ከንፈሬን፣ ምላሴን፣ ጉሮሮዬን እንደ ንብ መንጋ ወረሰው።

ድንጋዩ ላይ ወጥቼ አፌን ከፈትኩ። የወጣው የታመመች ጫጩት ድምፅ ነው። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያችው ጫጩት።

እስከዚህ ድረስ ያለው የልጅ ነገር ነው፤ እኔም ስስቅበት እኖር ነበር። የማያስቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ማዶ መንደር ድረስ ሮጬ በእጄ ምልክት መንገር እችል ነበር። እግሬን እሾህ አልነካውም። ግን በዚያ ከንፈር፣ በዚያ ቀይ ምላስ ሰው ፊት እንዴት ልቁም? ጾመኛው እኔ! እታለም ዘውዴ በቃሬዛ እየመጣች፣ እኔ ድንጋዩ ሥር ተቀምጬ ምላሴን በቅጠል እጠርግ ነበር።

ቃሬዛው ሲደርስ ተከትዬ ወረድኩ። ወንዙ ዳር ሰው የለም። አባቴ ዞር ብሎ፣ «ጠራህ?» አለኝ።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ከውሸቴ ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ አንድ ቃል እንኳ የለበትም። ጠርቷል ከተባለማ ይመጣሉ ብለው ተቀመጡ። ጠበቁ። የግራሩ ጥላ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሲሄድ ቆጥሬዋለሁ። እታለም ዘውዴ አንድ ጊዜ ዐይኗን ገልጣ አየችኝና፣ «አንተ ጉሮሮ፣ ዛሬ ዘጋህ እንዴ?» አለችኝ። በዚያ ጣር ውስጥ ሆና ልታሥቀኝ ፈለገች።

በመጨረሻ አባቴ ተነሣ። «ሁለተኛውንም እኛው እንሂድ» አለ። ስምንቱም ደክመው ነበር፤ ያን ዳገት ሁለቱ እየተንበረከኩ ወጡት። ማዶ መንደር ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ልጅቷ ተወለደች። የማዶ ሴቶች ጩኸት ሰምተው መጡ፣ ወንዶቹም ሮጠው ዘንጉን ተቀበሉ። እታለም ዘውዴ ግን ደሟ አልቆም አለ። ሰቆጣ ሳትደርስ ሦስተኛው ወሰን ላይ ዐረፈች። ያን ቀን አባቴ ሁለት ብቻ አልሄደም፤ ሦስቱንም ወሰን ሄዶ፣ አስከሬኗን ይዞ ሦስቱንም ተመለሰ።

ከቀብር መልስ የኛ ሰው ሁሉ፣ «ጠርተናቸው ሳይመጡ ቀሩ» እያለ በማዶዎቹ ላይ ያጉረመርም ጀመር። አባቴ ግን ወደ ቤት ወሰደኝ። ደጅ፣ ብርሃን ባለበት አስቀመጠኝና ወረንጦ አመጣ። ከንፈሬን ገልብጦ እሾሁን አንድ በአንድ ነቀለ። ምን በላህ አላለኝም። ሲጨርስ አገጬን እንደያዘ ትንሽ ቆየ። የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ገብቶኝ ነበር። ዝም አልኩ።

በማግስቱ እጄን ይዞኝ ማዶ ወረደ። በሽማግሌዎቻቸው ፊት ቆሞ፣ «እናንተ አልቀራችሁም። ጥሪው ያልደረሳችሁ በኔ ጥፋት ነው። ይቅር በሉኝ» አለ። አንዱ ሽማግሌ ያበጠ አፌን አየ፣ አባቴን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ። ይቅር አሉት። የኛ መንደር ግን ጉዳዩን ሲሰማ የቃሬዛውን አለቅነት ወሰደበት። ከዚያ በኋላ ተራ ተሸካሚ ሆነ። ወሰን ላይ ግን እንደ ድሮው ዘንጉን አያወርድም ነበር።

ልጅቷን ቤታችን አስገብቶ ካሳነሽ አላት። እንደ እኅቴ አብራኝ አደገች። ነፍስ ስታውቅ፣ ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ «ወንድምዓለም፣ እናቴ ምን ትመስል ነበር?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። «ልጅ ነበርኩ፣ አላስታውስም» እላታለሁ። አላስታውስም! የእታለም ዘውዴን የቀሚሷን ጥልፍ እንኳ ዛሬ ስሉ ብትሉኝ እስላለሁ። ስለ እናቷ አንዲት ነገር ከተናገርኩ ሌላው ተከትሎ ይወጣል ብዬ ፈርቼ ነው። ካሳነሽም ሲታክታት መጠየቁን ተወች።

አባቴ ሊሞት ሲል ሌሎቹን አስወጥቶ እኔን አስቀረኝ። «የምትነግረኝ ነገር አለ?» አለኝ። ያኔ የሦስት ልጆች አባት ነበርኩ። «ምንም የለም አባዬ፣ ይረፉ» አልኩት። ዐይኑን ጨፈነ። አባ ሁለቴ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ አንዴ በወረንጦ፣ አንዴ በአፉ።

እንግዲህ አምና በዚያው ቃሬዛ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ነሐሴ ሄድኩ። ካሳነሽ ጃንጥላ ፊቴ ላይ ዘርግታ ከጎኔ ትራመዳለች፤ እሷም አሁን ስድሳን አልፋለች። ጎረምሶቹ አላሳረፉኝም።

«አባባ፣ በለሱ ነው የገፋዎት ወይስ እርስዎ ነዎት የገፉት?»

«ቀስ በሉ እናንተ፣ አጥንቴ ይንኮሻኮሻል» አልኳቸው።

«እርስዎ አጥንት ብቻ ነዎታ! ፍየል የተሸከምን ነው የሚመስለን።»

መጥሪያው ድንጋይ ጋ ስንደርስ አንዱ ከኪሱ ስልክ አውጥቶ፣ «ሃሎ፣ ማዶ! ወንዙ ጋ ቁሙ» አለ። በቃ። ድንጋዩ ላይ የወጣም የለም። ስልክ በለስ አይበላም አልኩ በልቤ፤ ከዚያ የሆነ ነገር ደረቴን ሰንጥቆ ወጣ። «ካሳነሽ» አልኳት፣ «እናትሽ የሞተችው በኔ ነው።» በለሱን፣ ምላሴን፣ የነቀነቅኩትን ራሴን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ጎረምሶቹ ቀልዳቸውን ተዉ።

ጃንጥላው ከፊቴ ተነሣ። ፀሐዩ ዐይኔ ላይ ወረደ። ካሳነሽ ወደ ኋላ ቀርታ ስትመጣ የጫማዋ ድምፅ ብቻ ይሰማኝ ነበር።

ወንዙ ዳር የማዶ ልጆች ቆመው ጠበቁን። ተቀበሉ። ከኛዎቹ ግን አራቱ ዘንጉን አላወረዱም፤ አብረው ቀጠሉ።

«እናንተ ለምን አትመለሱም?» አልኳቸው።

«ወጋችን ነው አባባ። እስከሚቀጥለው ወሰን እንሄዳለን።»

«ማን ጀመረው?»

«እኛ ምን እናውቃለን? ከጥንት የነበረ ነው።»

የአባቴን ስም ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ያ የድሮ ድምፅ ነው የወጣው፣ ያች ጫጩት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጥላው ተመልሶ ፊቴ ላይ ዐረፈ። ካሳነሽን ቀና ብዬ ማየት አልደፈርኩም።

ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ሾርባ አመጣችልኝ፣ ልብሴን ቀየረችልኝ፣ አንድ ቃል ግን አልተነፈሰችም። ተኝቼ ጣራ ጣራ እያየሁ ድሮንና ዘንድሮን አወዳድር ነበር። ድሮ የአንድ ሰው መዳን አንድ ልጅ ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ዛሬ ስልኩ ይጮኻል፣ መንገዱ ካልተቆረጠ መኪናው ይመጣል። ደግ ነው፣ እሰየው። ለኔ ግን ዘገየ። አባቴ ስሙ ጠፍቶ ትከሻው መንገዱ ላይ ቀርቷል። እኔ ስሜን ስጠብቅ ኖሬ አንዲት ልጅ እናቷን እንዳታውቅ አደረግኩ። በመጀመሪያው ነሐሴ እታለም ዘውዴን ወሰድኩባት፣ ከዚያ ወዲያ ባሉት ዓመታት ሁሉ ደግሞ ወሬዋን።

በአራተኛው ቀን ካሳነሽ በለስ ይዛ መጣች። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በሣር ጠረገችው፣ በቢላ ላጠችው፣ እሾህ እንዳይቀር በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው።

«አፍህን ክፈት» አለችኝ። ከፈትኩ። አጎረሰችኝ።

«አልማርኩህም» አለች፣ ሁለተኛውን እየላጠች። «እሱን እኔና እግዜር እናየዋለን። እስክትድን ግን በየቀኑ እመጣለሁ፤ አንተም በየቀኑ ትነግረኛለህ። አላስታውስም ብትል ሌላኛውን ዳሌህን እኔ ነኝ የምሰብረው።»

ቢላውን አስቀምጣ እጇን ጠራረገችና ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች፣ ልክ እንደዚያች የስድስት ዓመት ልጅ።

«በል እንግዲህ። ምን ትመስል ነበር?»

ዋጥኩና ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «እናትሽ» አልኳት፣ «የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነበር። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ ሣቋ ግን እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር…»